የሸክላ ኪኒን

እናቴ ወንድሜን ከሸክላ አፈር እየሠራችው መሆኑን ያወቅሁት በሰባት ዓመቴ ነው። ማንም አልነገረኝም። በገዛ ዓይኔ አየሁ፣ አሰብኩ፣ ደረስኩበት። ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፣ ግን እስቲ መጀመሪያ ማስረጃዬን ስሙኝ።

ቤታችን ቀጨኔ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ አቀበት ላይ። እናቴ ዘርትሁን ሸክላ ሠሪ ናት፤ ድስት፣ ገንቦ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ለሆቴሎች ደግሞ የክትፎ ጣባ ትሠራለች። አባቴ ቦጋለ ጎሚስታ ነው፤ ሽሮ ሜዳ መንገድ ዳር ጎማ ሲለጥፍ ይውላል። እኔ ሮሐ ነኝ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ሁዳዴ ገብቷል፤ የእማዬም ሆድ ገፍቷል።

አፈሩ ከእንጦጦ ጎን በአህያ ይመጣል። ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያ በእግር ይረገጣል። መርገጥ የኔ ሥራ ነበር። ያ ቀዝቃዛ ጭቃ በእግር ጣቶቼ መሀል ሲሾልክ ደስ የሚለኝን ያህል ከረሜላም ደስ አይለኝም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት በጓሮ በኩል ስገባ፣ ዕቃዎቹ የሚደርቁበት መደርደሪያ ጥግ እማዬ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁጢጥ ብላለች። ከደረቀው አፈር አንዲት ቁራሽ ሰበረች። ውሃ ረጨት አደረገችባት፣ ዓይኗን ጨፍና አሸተተቻት፣ ከዚያ አፏ ውስጥ ከተተቻት። ቀሽ ቀሽ ሲል ይሰማኛል። የፋሲካ ዶሮ ስትበላ እንኳን እንደዚያ ጣፍጧት አይቼ አላውቅም።

ዞር ስትል አየችኝ። ክው አለች። ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«ሮሐዬ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪ። እሺ የኔ ቆንጆ?»

«እሺ።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን!»

በቃ፣ ማልኩ። ማርያምን ብሎ ምሎ መናገር ምን እንደሚያስከትል የቀጨኔ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ምላስ ይቆረጣል።

በዚያው ሳምንት ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ዲያቆን ስብሐት ስለ አዳም አስተማረን። «ሰው ከአራት ነገር ተሠራ» አለ፤ «ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስ፣ ከእሳት።» እጄን አወጣሁ። «እንደ ድስት?» አልኩት። ልጆቹ ሁሉ አውካኩ። ዲያቆን ስብሐት ግን አልሳቀም። ትንሽ አሰበና «አዎ፣ እንደ ድስት» አለኝ። «የሸክላ ሠሪ ልጅ ካላወቀችው ማን ሊያውቀው ነው?»

ወይ ጉድ! ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቤት እስክደርስ እግሬ መሬት አልነካም። አዳም ከአፈር ከተሠራ፣ እማዬ አፈር ከበላች፣ ሆዷም ቀን በቀን ከገፋ፣ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ሆድ ውስጥ እጅ አይገባም። አፈሩን መላክ የሚቻለው በአፍ በኩል ብቻ ነው! ለሰው ሁሉ ዕቃ የምትሠራው እናቴ አሁን ደግሞ ሰው እየሠራች ነው። በዓለም ላይ ይህን የምናውቀው እግዚአብሔር፣ እሷና እኔ ብቻ ነን ብዬ አመንኩ።

ከዚያ በኋላማ ያየሁት ነገር ሁሉ ምስክር ሆነልኝ። ውሃ ስትጠጣ ጣሳውን ጨልጣ ትደግም ነበር፤ ይኸው ውሃው። አቀበቱን ስትወጣ ሦስት ቦታ ቆማ ግድግዳ እየተደገፈች ቁና ቁና ትተነፍሳለች፤ ይኸው ነፋሱ። ፊቷ ጠይም የነበረው እየቀረ፣ ጥላ ሥር እንደሰነበተ ያልተቃጠለ ድስት አመዳም ሆነ። እሳቱ ብቻ ነው የቀረው። የከንፈሮቿ ጥጎች ደግሞ ተሰነጠቁ፤ ይሄ ግን አሳሰበኝ። ዕቃ ቶሎ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ፣ እንዳይሰነጠቅም እርጥብ ጆንያ እንደሚለብስ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም ስትል ጆንያ በውሃ ነክሬ ቀስ ብዬ አለበስኳት።

ብድግ! «ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? በብርድ ልትገድዪኝ ነው?»

«እንዳትሰነጠቂ ነው» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረና ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ልቧ ሩጫ እንደጨረሰ ሰው ይደልቃል። እኔ ግን ሕፃኑ በውስጥ በኩል እየተጠፈጠፈ ነው ብዬ በአድናቆት አዳመጥኩ።

ዛሬ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ እዚሁ ጉለሌ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነፍሰ ጡሮችን አያለሁ። እንደዚያ የሚደልቅ ልብ ስሰማ ደም ያነሳት ሴት መሆኗን አውቃለሁ። ጥሙ የሌላ ሊሆን ይችላል፤ ድካሙ፣ ትንፋሽ ማጠሩ፣ መገርጣቱ፣ የከንፈር ጥግ መሰንጠቁ፣ ከሁሉም በላይ ያ የአፈር አምሮት ግን አብረው ሲመጡ የሚሉት ነገር አንድ ነው። የሰባት ዓመቷ ሮሐ ምልክቶቹን አንድም ሳትስት ቆጥራቸዋለች። የሳተችው ትርጉሙን ነው።

ሲስተር ጀዊሪያ የመጣችው የዚያን ሰሞን ነው። በየቤቱ እየዞረች ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን የምታይ ነርስ ናት። አባዬ ምሳ ሊበላ ገብቶ ነበር። ሲስተር እማዬን ወደ ብርሃኑ አዞረቻት፣ የታችኛውን የዓይን ቆቧን ሳብ አድርጋ አየች፣ ጥፍሮቿን አገላበጠች።

«ዘርትሁን፣ ምን እየበላሽ ነው?»

«ያው ጾም አይደል፤ እንጀራ በበርበሬ፣ ሲገኝ ሽሮ።»

«ነፍስ አባትሽ አልፈቀዱልሽም? በዚህ ሆድ?»

«እሳቸውስ ፈቅደው ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ሲስተር ጀዊሪያ ተነፈሰች። «እሺ፣ ከጾምሽም እንወቅበት። ምስር ብዪ፣ ጎመን ብዪ፣ ላዩ ላይ ሎሚ ጭመቂበት፤ ሎሚው ነው ብረቱን ወደ ደምሽ የሚያስገባልሽ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አትጠጪ፣ ብረቱን ያግዱታል። አተርና ባቄላው ለሕፃኑ ሥጋ ይሆነዋል፣ ካሮቱ ለዓይኑ ነው። ደምሽ ግን ብረት የለውም።»

ብረት! ጆሮዬ ቆመ። «ሰው ውስጥ ብረት አለ?» አልኩ ሳላስበው።

«አለ እንጂ» አለችኝ ወደኔ ዞራ፣ እንደ ትልቅ ሰው። «ከአንዲት ሚስማር አይበልጥም፤ በሰው ሙሉ አካል ውስጥ። ግን እናትሽ የምትተነፍሰውን አየር ተሸክሞ ለሕፃኑ የሚያደርስለት እሱ ነው። ካነሰ ሁለቱም ይታፈናሉ።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አየርን የሚሸከም ብረት! እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ዓረፍተ ነገር ለእናቶች ስናገር አንዳች ነገር ይነዝረኛል። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ከዚያ የተሻለ አልሰማሁም።

ከዚያ ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አፈር ያምርሻል?»

እማዬ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አባዬ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

«አፈር? የምን አፈር? ዘርትሁን! እኔ ጸሐይ ላይ ስንቃቃ የምውለው አፈር ልትበዪ ነው? ሁለተኛ አፍሽ ላይ አፈር ባይ...»

«አትቆጣት ወንድሜ» አለች ሲስተር። «የደም ማነስ ሥራ ነው። ይቺን ኪኒን በየቀኑ አንድ አንድ ትዋጥ። ደሟ ሲሞላ አፈሩን ራሷ ትተወዋለች።» በወረቀት ከረጢት ቀይ ቡናማ ኪኒኖች ሰጠችው። አባዬ ከረጢቱን ለኔ አሻገረው። «እኔ ውጭ ነኝ የምውለው፣ የእናትሽም እጅ ሁሌ ጭቃ ነው። በየቀኑ አንቺ ነሽ የምታጎርሻት። አደራ!»

አደራው ራስ ምታት ሆነብኝ። ይቺ ኪኒን ከተዋጠች እማዬ አፈሩን ትተዋለች። አፈሩን ከተወች ሕፃኑ በምን ያልቃል? በእግሩ ይራገጣል፣ ስለዚህ እግር አለው። ጭንቅላቱን እማማ ሳቢት ዳብሰው አግኝተውታል፤ እማማ ሳቢት ጎረቤታችን ናቸው፣ የእናቴን እጅ ያስተማሩ አሮጊት ሸክላ ሠሪ። እጆቹን ግን ማንም አላገኘም። እጅ የሌለው ወንድም! ለአባዬ እንዳልነግር ምያለሁ። አባዬን እምቢ እንዳልል አደራ ብሎኛል። ሁለቱም ሳይከፋቸው ሕፃኑ የሚያልቅበትን መንገድ ሳሰላስል አደርኩ።

ጠዋት መፍትሔው እግሬ ሥር ነበር። ከጭቃው ቆንጥሬ የኪኒኑን መጠን አድበለበልኩ። ጠፍጠፍ አደረግሁት። ጥላ ውስጥ አደረቅሁት፣ እማዬ ድስት የምትቀባውን ቀይ አፈር ቀባሁት፣ በለስላሳ ጠጠር ወለወልኩት። ከእውነተኛው አጠገብ ሳስቀምጠው እኔ ራሴ አልለየውም። የመጀመሪያ የሸክላ ሥራዬ እሱ ነው። እማማ ሳቢት ቢያዩት «እጅሽ ይባረክ» ይሉኝ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። እውነተኛዋን ኪኒን ሽንት ቤት ጣልኳት።

እማዬ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ውስጥ ነበር። «አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። ከፈተች። ምላሷ ላይ አስቀመጥኩላት። አፏን ገጠመች፤ ከዚያ ቆም አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ተነቃሁ ብዬ ቶሎ ውሃውን አቀረብኩላት። እሷ ግን ውሃውን ከእጄ ተጎንጭታ ዋጠች፣ ጭቃ እንዳይነካኝ በክንዷ ጉንጬን ዳበሰችኝ።

«እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።

ሠላሳ ስምንት ቀን እንዲህ ሆነ። ማታ ማታ አባዬ «ሰጠሻት?» ይላል፤ «ሰጥቻታለሁ» እላለሁ። ውሸት አልመሰለኝም፤ ሰጥቻታለሁ እኮ! እሷ እየከሳች፣ ሆዷ እየገፋ ሄደ። እኔ በየቀኑ በትንንሽ ጣቶቼ የወንድሜን እጆች እየሠራሁ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት የማቃጠያ ቀን ሆነ። ድስቶቹ ተደረደሩ፣ ኩበቱና የባሕር ዛፍ ቅጠሉ ተከመረ። እማዬ ክብሪቱን ጭራ ቀና ስትል ተንገዳገደች። እጇን ወደ እማማ ሳቢት ዘረጋች፣ ግን አልደረሰችባቸውም። ወደቀች። ቀሚሷ ላይ ደም አየሁ።

«ኡ ኡ! ድረሱ!» አሉ እማማ ሳቢት።

ወንዶች በቃሬዛ አድርገው ቁልቁለቱን በሩጫ አወረዷት፣ አንድ ሚኒባስ ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ጫናት። እማማ ሳቢት እጄን ጨብጠው አብረን ገባን። እንዳልፈራሁ ብነግራችሁ ታምኑኛላችሁ? እሳቱ ተራው ደረሰ ብዬ ነበር የማስበው። ያለ እሳት የሚያልቅ ሸክላ የለም።

ሆስፒታል ደርሰን ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። አንዲት ነርስ ጠቅልላ ስታሳልፈው አንዲት እጅ ከጨርቁ ወጥታ አየሁ፤ አምስት ጣት፣ ከነጥፍሩ! በደስታ አበድኩ። በዓለም ላይ እንደኔ የሚኮራ ሰው በዚያች ሰዓት አልነበረም።

ወዲያው ሐኪሙ በሩን ከፍቶ፣ ሰምቶ ከሥራው እየሮጠ የደረሰውን አባዬን ጠራው። ተከትዬ በሩ ሥር ቆምኩ። እማዬ አልጋው ላይ ነች፤ እንደዚያ ነጭ የሆነ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«መድማቱን አቁመነዋል፤ ግን ድሮም ደም አልነበራትም» አለ ሐኪሙ። «የብረት ኪኒን አልተሰጣትም?»

«ኧረ በየቀኑ ስትወስድ! ልጄ ናት የምታጎርሳት።»

«ብትወስደው ኖሮማ እዚህ አትደርስም ነበር። አሁን ደም በፍጥነት ካላገኘች ላናተርፋት እንችላለን።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ገባኝ። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም፤ እኔ ያደረግሁት መሆኑ ግን ገባኝ። አባዬ «ሮሐ?» አለኝ፤ ብቻ «ሮሐ?»።

«ልጄን ተዋት» የሚል ድምፅ ከአልጋው መጣ፤ ድምፅ ከተባለ። «እኔ ነኝ። ምላሴ ሥር ደብቄ... ስተፋው ነበር።»

አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ በሩ ሥር ተቀመጥኩና እናቴ ስለኔ ዋሽታ ልትሞት ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ ቀን በፊት ሞት የሌላ ቤት ነገር ነበር።

ወሬው ቀጨኔ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ሸክላ ሠሪዎች ጭቃቸውን ሳይታጠቡ መጡ፤ ከእማዬ ጋር ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩት ሳይቀሩ። የአባዬ ጓደኞች ከነቱታቸው መጡ። የጣታቸው ደም በጠብታ ተለካ። ጎሚስታዎቹ አለፉ። ከስምንቱ ሸክላ ሠሪዎች ግን ስድስቱን መለሷቸው። «የእናንተም ደም አይሰጥም፤ ራሳችሁም የላችሁም» ተባሉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሁሉም መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ለካ በየመደርደሪያው ጥግ፣ በየጓዳው፣ የኔ እናት ብቻ አልነበረችም! ዛሬ ነፍሰ ጡር ሳይ በመጀመሪያ የምጠይቃት «አፈር ያምርሻል?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ኮሪደር የመጣ ነው።

ሲስተር ጀዊሪያም ሰምታ መጣች። ማንንም ሳታናግር እጅጌዋን ሰብስባ ተሰለፈች።

እኔን ማንም ስላላስተዋለኝ ገብቼ አልጋው ሥር ቆምኩ። ደሙ በቀጭን ቱቦ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የማን እንደነበር አይታወቅም፤ የጎሚስታ ይሁን፣ የሸክላ ሠሪ፣ የነርስ። ቆሜ ቆጠርኩ፤ መቶ ስደርስ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። መጀመሪያ የጆሮዋ ጫፍ ተለወጠ። ከዚያ ከንፈሯ። አመዱ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ተነሳ፣ ከሥሩ ጠይሟ እናቴ እየወጣች መጣች፤ ልክ ድስት ከእሳት ውስጥ ቀይ ሆኖ እንደሚወጣው። አምላኬ! ተንበረከክሁ። ማንም ተንበርከኪ ሳይለኝ።

አሁን ሳውቀው ያ መንበርከክ ስህተት አልነበረም። ጭቃውን እሳት ውስጥ የሚያቀላው በውስጡ ያለው ብረት ነው፤ ደማችንንም የሚያቀላው ብረት። አፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት ግን ሆዳችን አይቀበለውም፤ እንዲያውም አፈሩ ከምስርና ከጎመን የመጣውን ሳይቀር ይዞ ሊያስቀርብን ይችላል። ይህን ሁሉ ዛሬ በሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስረዳለሁ። እዚያ አልጋ ሥር ያየሁትን ግን የምጽፍበት ሰሌዳ አላገኘሁም።

እናቴ ዳነች። ኪኒኑን ከዚያ በኋላ አባዬ ራሱ አጎረሳት፤ እኔ አጠገቡ ደርሼ አላውቅም። ወንድሜ ዮፍታሔ አደገ። እኔ ደግሞ ምስጢሬን ይዤ አደግሁ። ትምህርቴን የመረጥኩት በምን ምክንያት እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ «ወድጄው ነው» እል ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ከትንሽ ልጇ ጋር መጣች። ኪኒን ስሰጣት ልጅቷ እጇን ዘረጋች፤ «እኔ ልያዝላት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ቀጥ ብዬ ቤት ገባሁ። እናቴ ገንቦ እየወለወለች ነበር። ቦርሳዬን ሳላወርድ ፊቷ ተቀመጥኩና አስራ ስድስት ዓመት የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ የአዳምን፣ የእጆቹን፣ የሠላሳ ስምንቱን የሸክላ ኪኒን። «ልገድልሽ ነበር እማዬ» አልኳት።

እጇን ከገንቦው ላይ አነሳች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«አፈር መሆኑን ነዋ። ሮሐ፣ በአፈር ያደግሁ ሰው አፈር ምላሴ ላይ አስቀምጠሽ የማላውቅ መሰለሽ? በመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋጥሽው? ለምን ዝም አልሽ?»

ገንቦውን ወደ ጎን አደረገችው። «አዝነሽልኝ መሰለኝ» አለች። «አባትሽ ተቆጣኝ፣ ሲስተር ከለከለችኝ። ልጄ ብቻ አምሮቴ ገባት፣ በኪኒን አስመስላ ደብቃ ታበላኛለች ብዬ... ቀኑን ሙሉ እስክትመጪ ነበር የምጠብቅሽ። አይጣል ነው አምሮት! አንቺንም፣ ሆዴ ያለውንም አስረሳኝ። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ንስሐ ገባሁ መሰለሽ? ‹ሰባት ዓመት ያልሞላት› ... ኧረ ሞልቶሻል፣ ‹የሰባት ዓመት ልጄን ውሸት አስተማርኩ› እያልኩ። ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ። ላንቺ ለመንገር ግን አፍ አጣሁ። ይቅር በይኝ ልጄ።»

እሷ ናት እኔን ይቅር በይኝ የምትለው! ጭቃ የሆነ እጇን ይዤ ጉንጬ ላይ ለጠፍኩትና ሁለታችንም እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅን።

ዮፍታሔ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እንደዚያ ሆነን አገኘን። አንገቱን ዝቅ አድርጎ በበሩ ገባና ደንግጦ ቆመ።

«ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?»

እናቴ በክንዷ ዓይኗን ጠረገች፣ አጠገቧ ያለውን በርጩማ በእግሯ ወደሱ ገፋችለት።

«ማንም አልሞተም» አለችው። «ቁጭ በል። ስላንተ ነው።»